ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ «እህቴ ከቤሩት ከመጣች ወዲህ ሌሊቱን አትተኛም»

ጥያቄ፦ ታናሽ እህቴ 26 ዓመቷ ነው። ቤሩት ሦስት ዓመት ሠርታ ከተመለሰች ሰባት ወር ሆናት። ሌሊት ትጮኻለች፣ በር ሲንኳኳ ትደነግጣለች፣ ወንድማችን እንኳ ድንገት ከኋላዋ ከመጣ ትንቀጠቀጣለች። የነገረችኝ እመቤቷ ትመታት፣ «ባሪያ» እያለች ትጠራት እንደነበር ብቻ ነው። ሲብስባት «ምነው ያኔ ከበረንዳው ወድቄ በቀረሁ» ትላለች፤ የምሯን ግን አይመስለኝም። ጸበል ወስደናት ትንሽ ተሽሏት ነበር። አሁን የምትተኛው ጎረቤታችን በሰጠችኝ ዲያዜፓም ነው፤ አራት ወር ሆነው። አንዱ አልሠራ ስላላት ሁለት ብሰጣት ጉዳት አለው? ደላላው ደግሞ ዱባይ ሥራ አለ እያለን ነው። (ከደሴ)

መልስ፦ የጠየቁኝ ስለ ኪኒን ነው፤ ያስጨነቀዎት ግን «እህቴ አብዳ ይሆን?» የሚለው ይመስለኛል። አላበደችም። መቼ እንደምትመታ ሳታውቅ ሦስት ዓመት የኖረች ሴት አእምሮዋ ዘብ መቆም ይለምዳል፤ ደሴ ገብታ በእናቷ ቤት ብትተኛም ዘቡ ገና አልወረደም። የሌሊቱ ጩኸትም ሆነ በበር መንኳኳት መደንገጧ ከዚያ ይመጣል። ከአሰቃቂ ነገር በኋላ እንዲህ ያለው ምልክት ከአንድ ወር ካለፈ ሐኪሞች ፒ.ቲ.ኤስ.ዲ. የምንለው ሕመም ሊሆን ይችላል። ይታከማል፤ ብዙዎችም ይድናሉ።

«ብቻ ነው የነገረችኝ» ያሉትን ግን አልቀበልም። ዱላና «ባሪያ» መባል «ብቻ» አይባልም። ሊባኖስ ውስጥ የቤት ሠራተኛ በካፋላ ሥርዓት ከአሠሪዋ ጋር የታሰረች ናት፤ የአገሪቱ የሠራተኛ ሕግ እሷን አይጨምርም፤ ፓስፖርቷን አሠሪዋ መያዙም የተለመደ ነው። ጥቁር ስትሆን ደግሞ ቆዳዋ ራሱ ዋጋዋን ይወስናል፦ ለተመሳሳይ ሥራ ኢትዮጵያዊቷ ከፊሊፒኗ ያነሰ ይከፈላታል፣ ብዙ መዋኛ ቦታዎች አያስገቧትም፣ ስሟ ቀርቶ በቀለሟ ትጠራለች። ይህ በየቀኑ ሲደጋገም ሰው ስለ ራሱ የሚያስበውን ይበላል። እኛ ቤተሰቦች ግን ልጅ ስትመለስ የምንጠይቃት ስንት ብር እንደያዘች ነው።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። «የምሯን አይመስለኝም» ብለዋል። እባክዎን እንደ ምሯ ይውሰዱት። «ሊሞት የፈለገ አይናገርም» የሚባለው አባባል ብዙ ሰው አስቀብሮናል። ራሳቸውን ካጠፉ ሰዎች ብዙዎቹ አስቀድመው በሆነ መንገድ ተናግረዋል፤ ሰሚው ነው ቀልድ ያደረገው። የበረንዳው ነገር ደግሞ ለእህትዎ ዝም ብሎ የመጣ ምሳሌ አይደለም። የሰብአዊ መብት ተሟጋቹ ሂዩማን ራይትስ ዎች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2008 ባወጣው መግለጫ፣ ከ2007 መጀመሪያ ወዲህ ሊባኖስ ውስጥ ቢያንስ 95 ስደተኛ የቤት ሠራተኞች ሞተዋል፤ 40ዎቹ ራሳቸውን እንዳጠፉ ተመዝግቧል፣ ሌሎች 24ቱ ከፎቅ ወድቀው ነው። ከወደቁት ውስጥ ለማምለጥ ሲሞክሩ የነበሩ አሉ። በዚሁ አቆጣጠር በ2012 ደግሞ ቤሩት ቆንስላችን በር ላይ አንዲት ኢትዮጵያዊት ስትደበደብና ስትጎተት የሚያሳየውን ቪዲዮ ያስታውሱ ይሆናል። ያቺ እናት ብዙም ሳትቆይ የተወሰደችበት የአእምሮ ሆስፒታል ውስጥ ራሷን አጠፋች። ስለዚህ እህትዎ በረንዳ ስትል ምን ማለቷ እንደሆነ በደንብ ታውቃለች።

ዛሬ ማታ ብቻዋን ሆና ፊት ለፊት ይጠይቋት፦ «ራስሽን ለማጥፋት አስበሽ ታውቂያለሽ? አሁንስ ታስቢያለሽ? በምን?» መጠየቅ ሐሳቡን አይጨምርባትም፤ ይህም ሌላ ተረት ነው። ስትመልስ አይቆጡ፣ «ኃጢአት ነው» ብለው አይዝለፏት፣ ያድምጧት። መንገዱን ካሰበችበት ለነገ አያሳድሩ፤ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷት፣ እስኪደርሱም ብቻዋን አይተዋት። መንገዱን አላሰበች እንኳ የቤቱን ኪኒን ሁሉ፣ የአይጥ መርዙን፣ ጎተራ ውስጥ ያለውን የተባይ መድኃኒት ዛሬውኑ ከእጇ ያርቁ። ዲያዜፓሙ ከእርስዎ ዘንድ ይሁን።

ዲያዜፓሙን በተመለከተ፣ ሁለት አይስጧት። ማን አዘዘው? ጎረቤት! አራት ወር ሙሉ! ይህ መድኃኒት የፒ.ቲ.ኤስ.ዲ. ሕክምና አይደለም፤ ለጥቂት ጊዜ ያስተኛል፣ ከዚያ ሰውነት ይለምደውና አንዱ አልበቃ ይላል፤ አሁን የገጠማችሁም ይኸው ነው። ከመጠጥ ጋር ሲሆን ትንፋሽ እስከ ማቆም ይደርሳል። ግን ይህን አንብበው ዛሬ እንዳያቋርጡባት! በድንገት ከቆመ መንቀጥቀጥ፣ አንዳንዴም እንደሚጥል በሽታ መንፈራገጥ ያስከትላል። የምትወስደውን ሳይጨምሩ፣ ማሸጊያውን ይዘው በዚህ ሳምንት ሐኪም ዘንድ ይቅረቡ፤ ቀስ በቀስ ይቀነሳል። አማኑኤል ድረስ መጓዝም አያስፈልግዎትም፤ ደሴ ሪፈራል ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ለዚህ ሕመም ከሚሰጡት መድኃኒቶች ሰርትራሊን ወይም ፍሉኦክሰቲን ቢታዘዝላት ለውጡ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው፤ «አልሠራም» ብለው በአሥረኛው ቀን፣ ወይም «ተሻላት» ብለው በሁለተኛው ወር አያቋርጡት። ከሠለጠነ ባለሙያ ጋር በየጊዜው መነጋገሯ ደግሞ ከኪኒኑ የማይተናነስ ሕክምና ነው።

ጸበሉን አልከለክልም። ተሽሏት ከሆነ ደስ ይለኛል፤ ከመድኃኒቱ ጎን ለጎን ትሂድ። መታሰርና መጾም የሚጨምርበት ከሆነ ግን አይሆንም።

ወንድማችሁ ሲመጣ መንቀጥቀጧን ጽፈው አልፈውታል። ምክንያቱን አላውቅም፤ «ምን አደረጉሽ?» እያላችሁም አታስጨንቋት። ለሐኪሟ ብቻዋን እንድትሆን ክፍሉን ይልቀቁላት፤ ከፈለገች የኤች.አይ.ቪ.ና የጉበት ቫይረስ ምርመራ በምስጢር ይደረግላታል። አዲስ አበባ ከመጣችሁ አጋር ኢትዮጵያ ከስደት ተመላሾችን ይረዳል፤ የሴቶች ማረፊያና ልማት ማህበርም ጥቃት ለደረሰባቸው ሴቶች መጠለያ አለው።

ዱባይ? በፍጹም። ሌሊት ተኝታ የማታድር ሴት በማታውቀው ሰው ቤት ተቆልፎባት ሕመሟ ይመለሳል፤ መድኃኒቷን የሚሰጣትም ሆነ ስትደክም የሚያያት አይኖርም። ደላላው ሲደውል ስልኩን የሚያነሱት እርስዎ ይሁኑ፤ «ታማለች፣ እየታከመች ነው» ይበሉት።