የራሴን ጥናት ለማከፋፈል የማንን ፈቃድ ልጠይቅ?

ጥያቄ፦ በደብረ ማርቆስ በመምህርነት የማገለግል ተመራማሪ ነኝ። ኖራ በአሲዳማ አፈር ላይ ሲጨመር በስንዴ ምርት ላይ ስለሚያመጣው ለውጥ ከባልደረቦቼ ጋር የጻፍነው ጥናት በአንድ የውጭ ጆርናል ታትሟል። በቅርቡ የጎዛምን ወረዳ የግብርና ባለሙያዎች ቅጂ ጠይቀውኝ ከጆርናሉ ገጽ ላወርድ ብሞክር፣ የገዛ ጽሑፌን በዶላር ግዛ ተባልሁ። ከኅትመቱ በፊት የተላከልኝን ቅጽ ሳላነብ መፈረሜ ትዝ ይለኛል። ጽሑፉን ልሰጣቸው እችላለሁን?

መልስ፦ የፈረሙት የቅጂ መብት ማስተላለፊያ ውል ሳይሆን አይቀርም። ይህ ቅጽ የሚመጣው ጽሑፉ ተቀባይነት ማግኘቱ በተበሠረ ሰሞን በመሆኑ፣ አንብቦ የሚፈርም ጥቂት ነው። በሀገራችን የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት፣ የማባዛትና የማሠራጨት መብትን የሚያካትተው የኢኮኖሚ መብት በጽሑፍ በተደረገ ውል ለሌላ ሊተላለፍ ይችላል፤ ደራሲነትዎ እንዲታወቅ የመጠየቅ የሞራል መብትዎ ግን የኢኮኖሚ መብቱ በማንም እጅ ቢገባ አይቀርብዎትም። የዋሸራ ቅኔ ተማሪ የሰው ቅኔ የራሱ አስመስሎ ቢያቀርብ የሚያፍርበት ነውር፣ በአዋጁ ቋንቋ የሞራል መብት ጥሰት መሆኑ ነው።

የውሉን ቅጂ ካጡት አዘጋጁን በኢሜይል ይጠይቁ። ብዙ አሳታሚዎች የሚከለክሉት የራሳቸውን የገጽ ቅንብር የያዘውን የመጨረሻ ፒዲኤፍ ማሠራጨትን ነው፤ በገምጋሚዎች አስተያየት ታርሞ ተቀባይነት ያገኘውን፣ በኮምፒውተርዎ በወርድ ፋይል የተቀመጠውን ረቂቅ ግን ወዲያው ወይም ከተወሰነ ወራት በኋላ በዩኒቨርሲቲው ዲጂታል ማኅደር እንዲያስቀምጡ ይፈቅዳሉ። ወራቱ በውሉ ወይም በጆርናሉ ደንብ ላይ ተጽፎ ያገኙታል።

ለባለሙያዎቹ ግን ከዚህ የሚሻል መንገድ ያለ ይመስለናል። የቅጂ መብት የሚጠብቀው አጻጻፉን እንጂ ግኝቱንና መረጃውን አይደለም። ስለዚህ በሄክታር ስንት ኩንታል ኖራ፣ መቼና እንዴት እንደሚበተን በራስዎ ቃል፣ ከታተመው ሳይገለብጡ፣ በሁለት ገጽ አማርኛ ቢጽፉላቸው ከልካይ የለብዎትም፤ ማሳ ላይ የሚውል ባለሙያ ከእንግሊዝኛው ሠንጠረዥ ይልቅ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው።

ለወደፊቱ ጽሑፍዎን ከመላክዎ በፊት ጆርናሉ መብቱን ለደራሲው የሚተው፣ ለምሳሌ ማንም ደራሲውን ጠቅሶ ጽሑፉን በነፃ እንዲያካፍል በሚፈቅደው በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ የሚያሳትም መሆኑን ይመልከቱ፤ አንዳንዶቹ ግን ለዚህ ዳጎስ ያለ ክፍያ ስለሚጠይቁ ክፍያውን አስቀድመው ይወቁ። ማስተላለፊያ ቅጽ ከቀረበልዎም ተቀባይነት ያገኘውን ረቂቅ የማሠራጨት መብት ለእርስዎና ለባልደረቦችዎ እንዲቀር የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲታከልበት ከመፈረምዎ በፊት በጽሑፍ ይጠይቁ።