መርፌውን ከተወጋ በኋላ የመጣው መንዘፍዘፍ

የአንባቢያን ጥያቄና የሐኪም መልስ

ጥያቄ፦ አሰላሙ አለይኩም ዶክተር። የምጽፍልዎ ስለ ታናሽ ወንድሜ ነው። ዕድሜው 22 ነው። ከደላንታ መጥቶ እዚህ ኮምቦልቻ የቀን ሥራ ይሠራል። እኔ ጋ ና ብለው እምቢ ብሎ ከጓደኞቹ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተው ለስድስት ያድራሉ። ነሐሴ ላይ ድንገት ራሱን አመመው፣ ትኩሳቱ እንደ እሳት ሆነ፣ ቅልጥሙን ይቆረጥመው ጀመር። አንድ ክሊኒክ ወሰድነው። ከጣቱ ደም ወስደው በፈጣኑ መመርመሪያ «ወባ የለበትም» አሉን፤ ቀጥለው «ታይፎይድና ታይፈስ አለበት» ብለው ሲፕሮ የሚባል አንቲባዮቲክ አዘዙለት። በአምስተኛው ቀን በላብ ተጠመቀና ትኩሳቱ ወረደ፤ አልሐምዱሊላህ ብለን ሥራ ገባ። በሳምንቱ ያው ትኩሳት ተመለሰ። አሁን ደግሞ ነስር አለው፣ ዓይኑም ቢጫ ሆኗል። ጎረቤት «የወፍ በሽታ ነው፣ መርፌ እንዳታስነኩት» አለን። እኛ ግን ሌላ ቦታ ወሰድነው፤ ደሙን በማይክሮስኮፕ አይተው «ግርሻ ነው» አሉና አንድ የፔኒሲሊን መርፌ ወግተው ወደ ቤት ሸኙን። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ አልጋው እስኪነቃነቅ ድረስ ይንዘፈዘፍ ጀመር፤ ይቃዣል፣ አያውቀንም። ሞተብን ብለን ተላቀስን። ሌሊቱን ሲያልበው አደረ፤ ጠዋት ምግብ ጠየቀ። አሁን ደህና ነው። እናታችን ግን «ከእንግዲህ ፔኒሲሊን የሚባል እንዳይነካው» ብላ ምላለች። መርፌው አልተስማማውም ማለት ነው? ወይስ መድኃኒቱ ተሳስቶ ነው?
ስሜ ይቆየኝ፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ ወአለይኩሙ ሰላም እህቴ። አብሽሩ፣ ወንድምዎ ከባዱን አልፎታል።

መልሱን ላስቀድም። እንደጻፉልኝ ከሆነ መርፌው ለግርሻ፣ በቅማል ለሚተላለፈውና ወርዶ ለሚመለሰው ትኩሳት፣ የሚሰጥ ትክክለኛ መድኃኒት ነው። መንዘፍዘፉም የአለርጂ አይመስልም፤ መድኃኒቱ ባክቴሪያውን መግደል ሲጀምር የሚመጣ ነው። ያልተገባው አንድ ነገር ነው፦ የሚመጣውን ሳይነግሯችሁ፣ ልጁንም ሳያስተኙት ወደ ቤት መሸኘታቸው። በግርሻ ከመርፌው በኋላ ያሉት ሰዓታት ከጠቅላላው ሕመም ሁሉ የሚያስፈሩ ናቸው። እኔ እዚህ ደሴ በውስጥ ደዌ ሕክምና ስሠራ ለተለማማጅ ሐኪሞች ከመድኃኒቱ መጠን አስቀድሜ የምነግራቸው ይህንኑ ነው።

ግርሻን የሚያመጣው ቦሬሊያ ሪከረንቲስ የሚባል የተጠማዘዘ ቀጭን ባክቴሪያ ነው። ኦቶ ኦበርማየር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1868 በርሊን ውስጥ በሕሙማን ደም ውስጥ ሲንቀሳቀስ አይቶታል። ከሰው ወደ ሰው የሚያደርሰው የልብስ ቅማል ነው። ባክቴሪያው በቅማሉ ገላ ውስጥ ተዘግቶ ይቀመጣል፤ ሰውየው ሲያክ ወይም በጥፍሩ ሲጨፈልቀው ፈሳሹ በተቧጨረው ቆዳ በኩል ይገባል። እጁን ሳይታጠብ ዓይኑን ቢያሽም በዚያ በኩል ሊገባ ይችላል። ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ ከአራት እስከ ስምንት ቀን ባለው ጊዜ ይጀምራል፣ ያውም በድንገት፤ ብዙ ሕሙማን የጀመራቸውን ሰዓት ሳይቀር ያስታውሱታል። ነሐሴ ላይ፣ ያጠቡት ልብስ በማይደርቅበት ወቅት፣ ስድስት ሰው ብርድ ልብስ ተጋርቶ ሲያድር ቅማል ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሄድ የሚያግደው የለም። ልጁን «ንጽሕና ስለማትጠብቅ ነው» ብላችሁ አታሸማቅቁት። ለብቻው ለመከራየት አቅም የሌለው ሠራተኛ ሁሉ እንዲሁ ነው የሚያድረው። ያፈረ ሰው ደግሞ ለሐኪሙ ቅማል እንዳለበት አይናገርም፤ ያልተነገረው ሐኪምም ግርሻን ላያስብ ይችላል።

ትኩሳቱ በአምስተኛው ቀን የወረደው በሲፕሮው ነው ብዬ አላምንም። ግርሻ መድኃኒት ባይወሰድም በአምስት ቀን ገደማ እንዲህ በላብ ይወርዳል፤ ከዚያ ከሳምንት በኋላ ይመለሳል። ሰውነታችን ባክቴሪያውን የሚለየው በላዩ ባለው ፕሮቲን ነው። አብዛኛውን ያጠፋል፤ የተረፉት ግን ያንን ፕሮቲን ይለውጡና፣ ተፈላጊ ሰው ልብሱን ቀይሮ ኬላ እንደሚያልፍ፣ ሳይታወቁ እንደገና ይራባሉ። ወርዶ የተመለሰ ትኩሳት ያለበትን ሰው «መድኃኒቱን በደንብ ስላልወሰደ ነው» ብሎ ከማለፍ በፊት ደሙ በማይክሮስኮፕ ይታይ።

ይህንን ደጋግሜ እላለሁ፣ ምክንያቱም ወንድምዎ የመጀመሪያውን ሳምንት ያጣው እዚህ ላይ ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,850 ሜትር ላይ ስለሆነች ወባ አለ፤ ስለዚህ ክሊኒኩ ወባን ማስቀደሙ ልክ ነው። ነገር ግን ፈጣኑ የወባ መመርመሪያ የሚፈልገው የወባን ፕሮቲን ብቻ ነው። ደሙ በግርሻ ባክቴሪያ የተሞላ ሰው በእሱ ሲመረመር «ነፃ» ይባላል። በመስታወት ላይ ተቀብቶ፣ ቀለም ገብቶበት በማይክሮስኮፕ የሚታየው ብለድ ፊልም ግን ወባንም ግርሻንም ያሳያል። በአንድ ጠብታ ደም፣ በርካሽ ዋጋ። ፊልሙ መወሰድ ያለበት ትኩሳቱ ባለበት ሰዓት ነው፤ ትኩሳቱ ከወረደ በኋላ ባክቴሪያው በደም ውስጥ በጣም ስለሚያንስ ጎበዝ የላቦራቶሪ ባለሙያም ላያገኘው ይችላል። ደሴ ቀዝቃዛ ናት፣ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ነች፣ «እዚህ ወባ የለም» ተብሎ ፊልሙ ሲቀር አያለሁ። እዚያው የሚኖረውም ቢሆን ይሠራለት እላለሁ።

የዓይን ቢጫነት፣ ነስር፣ ከቆዳ ሥር የሚታዩ ጥቃቅን ቀይ ነጠብጣቦች፣ ከግራ ጎድን በታች የሚያብጥ ጣፊያ፣ እነዚህ በሽታው ጉበትንና ደምን መንካቱን ያሳያሉ። «የወፍ በሽታ ነው» ተብሎ ቤት የሚቀመጥ ሰው የሚታከምበትን ጊዜ ያጣል። ግርሻ ሳይታከም ሲቀር ከመቶ ሕሙማን ከ10 እስከ 40 የሚሆኑትን ይገድላል፤ ሲታከም ግን ቁጥሩ ከ2 እስከ 5 ይወርዳል። ጎረቤታችሁ በቅንነት ነው የተናገሩት፣ ሆኖም ምክራቸውን ባለመስማታችሁ ልጁ ተርፏል።

አሁን ወደ መንዘፍዘፉ። በሐኪሞች ዘንድ ያሪሽ ሄርክስሃይመር ይባላል። አዶልፍ ያሪሽ እ.ኤ.አ. በ1895፣ ካርል ሄርክስሃይመር በ1902 የጻፉት የቂጥኝ ሕሙማን በሜርኩሪ ሲታከሙ ስላዩት ነገር ነው። ለእናትዎ የምነግራቸው ይህንን ነው፦ ያን ጊዜ ፔኒሲሊን ገና አልተገኘም ነበር። ዛሬም ግርሻን በሌላ መድኃኒት፣ በቴትራሳይክሊን፣ ስናክም መንዘፍዘፉ ይመጣል፣ እንዲያውም ይጠነክራል። ምክንያቱ ባክቴሪያው በአንድ ጊዜ በብዛት ሲጠፋ ሰውነት ወደ ደም የሚለቃቸው የእብጠት ኬሚካሎች ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ቲኤንኤፍ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1996 አዲስ አበባ ላይ በግርሻ ሕሙማን የተደረገ ጥናት ታትሞ ወጥቷል፤ ከፔኒሲሊኑ በፊት ቲኤንኤፍን የሚያግድ ፀረ አካል ከተሰጣቸው ግማሾቹ ብቻ ተንዘፈዘፉ፣ ካልተሰጣቸው ግን ከአሥሩ ዘጠኙ። ይህ ትልቅ ዕውቀት ነው፣ ከእኛው ሕሙማን የተገኘ። ፀረ አካሉ ግን በየጤና ጣቢያው የሚገኝ አይደለም። እብጠትን የሚያበርደውን ስቴሮይድ ቀድሞ መስጠትም አያስቀረውም።

መልኩ እንዲህ ነው። ከመርፌው በኋላ በአንድ ወይም በሁለት ሰዓት ብርድ ይጀምራል፣ ሰውየው ይንዘፈዘፋል፣ ትኩሳቱ ከነበረበት ይወጣል፣ ልቡ ይመታል፣ ይቃዣል። ይህ ከግማሽ ሰዓት ብዙ አይዘልም። ከዚያ ማላብ ይመጣል፣ የደም ግፊቱም ይወርዳል። ቤተሰብ «ተሻለው» ብሎ እፎይ የሚለው በዚህ ጊዜ ነው፤ እኔ ግን የምፈራው ይህንኑ ሰዓት ነው። ሽንት ቤት ልሂድ ብሎ ሲነሳ ተዝለፍልፎ የሚወድቅ፣ የማይነሳም አለ። ስለዚህ ሕመምተኛው ከመርፌው በኋላ አንድ ቀን ሙሉ ተኝቶ ይቆይ፣ ሽንቱንም እዚያው ይሽና፣ በክንዱ ግሉኮስ የሚሰጥበት መርፌ ተሰክቶ ይጠበቅ፣ ግፊቱና ትኩሳቱ በየጊዜው ይለካ። ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ይበቃል። አስፕሪንና ዲክሎፌናክ ይቅሩ፤ በዚህ በሽታ ደም የሚያረጉት ሕዋሳት ስለሚያንሱ መድማትን ያባብሳሉ።

የፔኒሲሊን አለርጂ ሌላ መልክ አለው። አደገኛው አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ይመጣል፦ ሰውነት ሽፍታ እያወጣ ያሳክካል፣ ከንፈርና ፊት ያብጣል፣ ትንፋሽ ያፍናል። በደብዳቤዎ ከእነዚህ አንዱም የለም። ቢኖር ኖሮ መልሴ ሌላ ይሆን ነበር፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ ወንድምዎንና አብረውት የነበሩትን ጠይቁልኝ። ከሌለ በካርዱ ላይ «የፔኒሲሊን አለርጂ» ተብሎ እንዳይጻፍበት። ያ ጽሑፍ ዕድሜ ልኩን ይከተለዋል፤ ነገ የሳንባ ምች ቢይዘው ቀላሉና ርካሹ መድኃኒት ይከለከላል። በየወሩ የፔኒሲሊን መርፌ የሚያስፈልጋቸውን የልብ ሕሙማን ሳስብ ይህ ቀላል ነገር አይመስለኝም።

አንድ ሥራ ይቀራችኋል። አብረውት የሚያድሩት አምስቱ ልጆች ይታዩ፤ ትኩሳት ያለበት ካለ ዛሬውኑ ፊልም ይሠራለት። ልብሱንና አንሶላውን በፈላ ውሃ እጠቡ፣ ሲደርቅ ስፌት ስፌቱን በጋለ ካውያ ተኩሱ፤ ቅማሉ እንቁላሉን የሚጥለው ስፌት ውስጥ ነው። መታጠብ የማይችለውን በላስቲክ ጠቅልላችሁ አጥብቃችሁ እሰሩና ለሁለት ሳምንት አስቀምጡት፤ ቅማል ያለ ሰው ደም አይቆይም። ጤና ጣቢያውም ይወቀው። ግርሻ በየሳምንቱ ሪፖርት ከሚደረግባቸው በሽታዎች አንዱ ስለሆነ፣ አንድ ሰው መገኘቱ የሠፈሩን ሌሎች ለመፈለግ ምክንያት ይሆናል።

ጥያቄ፦ ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ መምህርት ነኝ። ባመመኝ ቁጥር «ታይፎይድ ፖዘቲቭ» እባላለሁ፣ በዓመት ሦስት አራት ጊዜ መድኃኒት እወስዳለሁ። በሽታው ሳይለቀኝ ቀርቶ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ የተሠራልዎ ምርመራ ዊዳል የሚባለው ይመስለኛል፤ ፈረንሳዊው ፈርናንድ ዊዳል እ.ኤ.አ. በ1896 ያወጣው ነው። ባክቴሪያውን አያይም። ሰውነትዎ በሽታውን ለመከላከል ያዘጋጀውን ፀረ አካል ነው የሚያየው፣ እሱም ከበሽታው በኋላ ለረጅም ጊዜ በደም ውስጥ ይቆያል፤ ሌላ ትኩሳትም ሊያስነሳው ይችላል። አንድ ጊዜ ፖዘቲቭ መሆን ብቻውን አሁን ታይፎይድ ይዞኛል አያሰኝም። ለታይፈስ የሚሠራው ዌይል ፌሊክስም ተመሳሳይ ድክመት አለው። ለታይፎይድ የሚታመነው መድኃኒት ሳይጀመር የሚወሰድ የደም ካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያውን ከደም አሳድጎ የሚያሳይ ምርመራ፣ ነው፤ እሱ በሚሠራበት ሆስፒታል ይጠይቁ። ትኩሳት ሳይኖርዎ ለድካምና ለራስ ምታት ብቻ ዊዳል አያሠሩ።

እውነተኛው ታይፎይድ ግን አይናቅ። ትኩሳቱ ቀን በቀን እየጨመረ ከሦስት ቀን ካለፈ ሐኪም ይይዎት። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት አንጀት ሊበሳ ይችላል፤ ሆድ በድንገት አጥብቆ ካመመና እንደ ደረቀ ከሆነ ጠዋትን ሳይጠብቁ ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ይሂዱ።