«ልጄ፣ ቁጥሩን ብቻ ንገሪኝ»

ይህን ዓምድ ከመጀመሬ በፊት አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ባንክ ጥሪ ማዕከል 7 ዓመት ሠርቻለሁ። ማዳመጫው ጆሮዬ ላይ ምልክት እስኪያወጣ ድረስ። በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱ ስለተረሳ ፒንና ፓስወርድ መሆናቸውን ሳይ ፈገግ አልኩ። አንዳንዱ ቅሬታ በድሮ ባልደረቦቼ ላይ ነው። እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ የተረገምኩበት ጉዳይ ስለሆነ ትንሽ አዳላለሁ፤ ከወዲሁ ይቅርታ።

ጥያቄ፦ እናቴ 68 ዓመቷ ነው። የሞባይል ባንኪንግ ፒኗን ረሳችና ደጋግማ ስትሞክር ተቆለፈባት። ደንበኞች አገልግሎት ደወልን። ልጅቷ ሙሉ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ መጨረሻ ያወጣችው ብር ስንት እንደሆነ ጠየቀቻት። እናቴ ሁለቱን አልመለሰችም። እኔ ከጎኗ ሆኜ ልነግራት ስል ደግሞ ልጅቷ ተቆጣች። በመጨረሻ «ቅርንጫፍ ይምጡ» አለች። እናቴ እግሯን ያማታል። ፒኑን እዚያው ብትነግራት ምን ነበረበት? — ከጎፋ

መልስ፦ እህቴ፣ ልጅቷ ፒኑን አታውቀውም። «ልጄ፣ ቁጥሩን ብቻ ንገሪኝ» የሚለውን ልመና በቀን ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አልነግርሽም። ብዙ ሰው ኮምፒውተራችን ላይ ቁልጭ ብሎ የሚታይ፣ እኛ በክፋት የደበቅነው ይመስለዋል። በወጉ የተሠራ ሲስተም ግን ቁጥሩን እንዳለ አያስቀምጥም። ፈጭቶ ነው የሚያስቀምጠው። እናትሽ ፒን ባስገባች ቁጥር ያስገባችውን እንደገና ይፈጭና ዱቄቱን ከዱቄቱ ጋር ያስተያያል። የተፈጨ ቡና ደግሞ ወደ ፍሬው አይመለስም። ስለዚህ ልጅቷ ማድረግ የምትችለው አሮጌውን ሰርዛ አዲስ እንድታወጡ መፍቀድ ብቻ ነው። ለዚያ ደግሞ ስልኩን የያዘችው በእርግጥ እናትሽ መሆኗን ማወቅ አለባት።

የትውልድ ቀኑ ላይ ግን ላቁምሽ፤ ብዙው ሰው የሚወድቀው እዚያ ነው።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ አንድ አባት ደወሉ። ድምፃቸው የአስተማሪ ነው፤ ረጋ ያለ። «የኔ ልጅ፣ ፒኔ እኮ የተወለድኩበት ዓመት ነው» ብለው ሊቀጥሉ ሲሉ «አባባ፣ ይተዉት! ለኔም ቢሆን አይንገሩኝ!» ብዬ ጮህኩ። አጠገቤ ያለችው ልጅ ዞራ አየችኝ። ከዚያ እንደ ደንቡ የትውልድ ቀናቸውን ጠየቅኳቸው። «ጥር 12 ቀን 1954» አሉ። እኔ ፊት ያለው «ጃንዋሪ 20፣ 1962» ነው። ጠረጴዛዬ ስር በተለጠፈች የዘመን መቀየሪያ ወረቀት አስልቼ አንድ ቀን መሆኑን አረጋገጥኩ። በዚያን ሰሞን የገባ አዲስ ሠራተኛ ቢያነሳው «ይቅርታ፣ አልተመሳሰለም» ብሎ ይዘጋባቸው ነበር። ሰውዬው አልዋሹም፤ ኮምፒውተሩም አልዋሸም።

ኋላ ሲያጫውቱኝ ፒኑን ያወጣላቸው የልጅ ልጃቸው ነበር። ልጁ ዓመቱን በፈረንጅ አስገብቶት ይሆናል፤ እሳቸው በኛ ሲሞክሩ ተቆለፈባቸው። ምናልባት። እኔ ዱቄቱን እንኳ ስለማላይ እውነቱን አላውቅም።

እና እናትሽ ስትደውል ገና ከመጠየቋ በፊት «በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው የምናገረው» ትበል። መታወቂያዋንም ከፊቷ ታስቀምጥ። ልዩነቱ በዓመቱ ወራት 7 ወይም 8 ዓመት ስለሆነ ዝም ብሎ 8 መደመር አይበቃም፤ ቀኑም ይለያል።

መጨረሻ ያወጣችው ብር ከባንኩ በሚመጣው መልእክት ላይ ተጽፏል። ከመደወላችሁ በፊት ስልኳ ላይ ፈልጊና በወረቀት ጻፊላት። መልእክቱን የማጥፋት ልማድ ካላት የመጨረሻዎቹን ሦስት አራቱን እንዳትነካ ንገሪያት።

ሹክ ስላልሻት ነገር፦ ይሰማል። ማዳመጫው ከምታስቢው በላይ ያቀርባል። ሻይ ሲቀዳ እንኳ እንሰማለን። ከጀርባ «እማ፣ 3 ሺህ በይ» የሚል ድምፅ ከመጣ ሠራተኛዋ ማቆም አለባት። አንቺ ልጇ ነሽ፤ ሌላ ቀን ከጀርባ ሹክ የሚለው ሌላ ሰው ነው። ድምፅ ብቻ ሰምታ ለመለየት መንገድ የላትም።

ቅርንጫፍ ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ነገር አረጋግጡ፦ ሲም ካርዱ በማን ስም ነው? ልጆች ለወላጅ ስልክ ስንገዛ ሲሙን በራሳችን ስም እናወጣለን። በር ላይ ደርሶ መመለስ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል። መታወቂያ፣ ስልኩ ራሱ፣ ሲሙ ውስጡ እንዳለ ይዛችሁ ሂዱ። የደመወዝ ሰሞን አትሂዱ።

አዲሱ ፒን የትውልድ ዓመት አይሁን። ቦርሳዋ ቢጠፋ መታወቂያው ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ ሌባም መጀመሪያ የሚሞክረው እሱን ነው። እኔ ለአረጋውያን የምመክረው የድሮ የቤት ስልክ ነው። የአዲስ አበባ ስልክ ባለ 6 አሃዝ በነበረበት ዘመን የጎረቤት ቁጥር በቃሉ ያልያዘ ማን ነበር? የራሷን ሳይሆን የጎረቤቷን ቁጥር ትውሰድ። ባለ 4 ከተፈለገ የመጨረሻዎቹ 4። በነገራችን ላይ ፒን 4 አሃዝ የሆነበትን ምክንያት ጆን ሼፐርድ-ባሮን የተባለ ሰው ተናግሮታል። በ1967 እ.ኤ.አ. ለንደን ኤንፊልድ የባርክሌይስ ባንክ ላይ የቆመው ገንዘብ ከፋይ ማሽን የእሱ ሐሳብ ነበር። በወታደር ቁጥሩ ልክ 6 አሃዝ ሊያደርገው አስቦ ሚስቱን ሲያማክር «እኔ ከ4 በላይ አላስታውስም» አለችው። እናትሽ ብቻዋን አይደለችም በያት።

ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ። ከዚህ በኋላ ራሱ ደውሎ «ከደንበኞች አገልግሎት ነው፣ ፒንዎን እናስተካክል፣ በመልእክት የመጣልዎትን ቁጥር ያንብቡልኝ» የሚል ካለ ሌባ ነው። ትዝጋበት። ይሉኝታ አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። የመብራት ክፍያ አካውንቴን ፓስወርድ ረሳሁት። ስደውል «የእናትህ ከጋብቻ በፊት የነበራት የቤተሰብ ስም» አሉኝ። የእናቴ አባት ዮሐንስ ነው። እሱን አልኩ። «ትክክል አይደለም» አሉኝ። የገዛ አያቴን ስም አላውቅም ማለት ነው? ደግሞ የሥራ ቦታዬ በየ90 ቀኑ ፓስወርድ ያስቀይረኛል። ጭንቅላቴ ሞላ። — የተበሳጨው

መልስ፦ ወንድሜ፣ አያትህ ዮሐንስ መሆናቸውን ማንም አልካደም። ጥያቄው ለኛ አልተሰፋም። እናቶቻችን ሲያገቡ ስም አይቀይሩም፤ የአባታቸውን ስም ይዘው ይኖራሉ። ስለዚህ ቅጹን የሞላ አበሻ ሁሉ እንደመሰለው ሞልቷል። አንዱ የእናቱን አባት፣ ሌላው የእናቱን አያት፣ ሌላው የእናቱን የራሷን ስም። ያንን ቅጽ የሞላኸው አንተ ነህ ወይስ ስትመጣ የተቀበለህ ዘመድ? መጀመሪያ እሱን ጠይቀው።

ስሙ ትክክል ቢሆንም ፊደሉ አለ። ዮሐንስን በ«ዋይ» ትጽፈዋለህ ወይስ በ«ጄ»? ኤኑ አንድ ነው ወይስ ሁለት? ፀሐይ በ«ቲ ኤስ» ትጀምራለች ወይስ በ«ኤስ» ብቻ? ማሽን የሚያስተያየው ፊደል በፊደል ነው። አንድ ኤን ቢጎድል የሰው ስም መሆኑ ቀረ።

አሁን ደውልና «ጥያቄውን አላስታውሰውም፣ በሌላ መንገድ አረጋግጡኝ» በል። ቢሉ ላይ ያለውን የአካውንት ቁጥር፣ መጨረሻ የከፈልከውን ሂሳብ፣ የሶሻል ሴኩሪቲህን የመጨረሻ 4 ቁጥሮች አዘጋጅ። አስተርጓሚ ካላቸው ጠይቅ፤ አያሳፍርም። የልደት ቀን ከጠየቁህ ወረቀትህ ላይ ያለውን በል፤ እናትህ የነገረችህን አይደለም። በስደት መንገድ የመጣ ብዙ ወገን ወረቀቱ ላይ ጃንዋሪ 1 ነው የተወለደው። አንድ የአክስቴ ልጅ ስልክ ላይ «እኔ እኮ የተወለድኩት ለጥምቀት ነው» እያለ 20 ደቂቃ ተከራክሯል።

ከተከፈተልህ በኋላ የደህንነት ጥያቄውን መልስ እንደ ሁለተኛ ፓስወርድ ቁጠረው። እውነት መሆን የለበትም፤ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መሆን ነው ያለበት። ፊደሉን ሳትቀይር ደብተር ላይ ጻፈው። አዎ፣ ደብተር። የኮምፒውተር ሰዎች ፓስወርድ ማስቀመጫ መተግበሪያ ይሉሃል፤ ጥሩ ነው፣ ከቻልክበት ተጠቀም። እኔ ግን ቁም ሳጥን ውስጥ ያለ ደብተር ስልክ ጋለሪ ውስጥ ካለ ፎቶ ይሻላል ባይ ነኝ። ደብተር የሚሰርቅህ ቤትህ መግባት አለበት።

ስለ 90 ቀኑ ለአለቃህ ይህን ንገረው። «በየጊዜው ቀይሩ፣ ምልክትና ቁጥር ቀላቅሉ» የሚለውን ምክር ያስፋፋው የአሜሪካ ብሔራዊ የስታንዳርድና ቴክኖሎጂ ተቋም በ2003 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ነው። ጸሐፊው ቢል በር በ2017 እ.ኤ.አ. «አብዛኛው ይጸጽተኛል» አለ። ተቋሙም በዚያው ዓመት ምክሩን ቀየረ፦ ፓስወርዱ ሾልኳል የሚል ምልክት ከሌለ በቀጠሮ አታስቀይሩ። ሰው በግድ ሲቀይር መጨረሻ ላይ 1 የነበረውን 2 ያደርጋል። አንተም እንደዚያ ነው የምታደርገው፣ አይደል?

ጥያቄ፦ ታናሽ እህቴ ስልኬን ስትነካካ የሲሙ ፒን ተሳሳተና ፓክ ኮድ (የተቆለፈ ሲም መክፈቻ ቁጥር) ጠየቀኝ። በግምት 6 ጊዜ ሞከርኩ፣ እምቢ አለ። ስንት ቀረኝ? — ከአዳማ

መልስ፦ አቁም። ወንድሜ፣ እጅህን አንሳ።

ፒን 3 ጊዜ ሲሳሳት ሲሙ ፓክ ይጠይቃል። ፓክ 8 አሃዝ ነው፤ በግምት የሚገኝ ነገር አይደለም። 10 ጊዜ ከተሳሳትክ ሲሙ ለዘላለም ይሞታል፤ ሠርቶ የሰጠህ ድርጅት ራሱ አያስነሳውም። አንተ 4 ቀርቶሃል።

ሲሙ ተፈልቅቆ የወጣበትን ፕላስቲክ ካርድ ፈልግ፤ ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ታትሟል። ካልተገኘ በሌላ ስልክ ደንበኞች አገልግሎት ደውል። ከፒንህ በተለየ ፓኩን እነሱ ያውቁታል፣ ማንነትህን አረጋግጠው ይነግሩሃል። እሱም ካልሆነ መታወቂያህን ይዘህ ሄደህ በዚያው ቁጥር ሌላ ሲም ታወጣለህ። ሲሙ ላይ ብቻ የያዝካቸው ስልክ ቁጥሮች ግን ይቀራሉ።

እስከዚያ ስልኩን ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጠው። ለእህትህ 4 ሙከራ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።