መጽሐፉን ከድናችሁ ንገሩኝ

ባለፈው ወር የእህቴ ልጅ ከአሜሪካ ደወለች። እዚህ እኩለ ሌሊት አልፎ ነበር። ፊዚሺያን አሲስታንት (ከሐኪም ጋር እየሠራ በሽተኛ የሚያክም ባለሙያ) ለመሆን ትምህርት ከጀመረች ገና 6 ሳምንቷ ነው። የመጀመሪያውን የአናቶሚ (የሰውነት ክፍሎች ትምህርት) ፈተና ወድቃለች። «አክስቴ፣ እኔ ለዚህ ነገር አልተፈጠርኩም» አለችኝ። ከዚያ በኋላ የሰማሁት ለቅሶ ብቻ ነው።

በዚያው ሳምንት ተክለሃይማኖት አካባቢ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ወረፋ ይዤ ነበር። ከፊቴ ሁለት የጤና መኮንን ተማሪዎች የአስተማሪያቸውን ስላይድ ኮፒ ያስደርጋሉ። ገና ፍሬሽ ናቸው። አንደኛው 90 ገጽ ታቅፎ «ወንድሜ፣ የእኔ ጭንቅላት አይቀበልም» ሲል ሰማሁት። አንድ ነገር ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። የማላውቀውን ልጅ ምን ብዬ ልምከር ብዬ ዋጥኩት። ያኔ የዋጥኩትን ለእናንተ ለጀማሪዎቹ እዚህ ልጻፈው።

ጤና መኮንንና ፊዚሺያን አሲስታንት አንድ ሙያ አይደሉም፤ ግን የአክስትና የአጎት ልጆች ናቸው። ሁለቱም የመጡት ሐኪም ስላልበቃ ነው። አሜሪካኖቹ በፈረንጆቹ 1965 ዱክ ዩኒቨርሲቲ ሲጀምሩ የያዙት ባህር ኃይል ውስጥ በሕክምና ረዳትነት ያገለገሉ 4 ሰዎችን ነበር። በ1967 የተመረቁት 3 ናቸው። ያኔም ቀላል አልነበረም ማለት ነው። ጎንደር ግን ጤና መኮንኖችን ማሠልጠን የጀመረው በፈረንጆቹ 1954 ነው። በዚህስ እንቀድማቸዋለን! ይህን ስነግራት ልጅቷ በለቅሶዋ መሃል ሳቀች።

እነሱ ጋ ትምህርቱ በአብዛኛው 27 ወር አካባቢ ይፈጃል። አንድ ዓመት ያህል ክፍል ውስጥ፣ ከዚያ ሆስፒታል። እኛ ጋ ረዘም ይላል። አጀማመሩ ግን አንድ ነው። አናቶሚ፣ ፊዚዮሎጂ፣ ባዮኬሚስትሪ እንደ ሐምሌ ዝናብ ባንዴ ይወርዱባችኋል።

እኔ ጤና መኮንንነት የገባሁት ከነርስነት ነው። 8 ዓመት ሠርቼ ስለነበር ይቀለኛል ብዬ ነበር። የመጀመሪያውን ሚድ ከ50 19 አመጣሁ። ወረቀቱን አጣጥፌ ቦርሳዬ ሥር ደበቅኩት። የሚያናድደው ደግሞ አጥንቼ ነበር! ምዕራፉን ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። በቢጫ ሃይላይተር ከማስመሬ ብዛት ገጹ አደይ የፈነዳበት የመስከረም መስክ መስሎ ነበር።

ያን ጊዜ ከኮሌጅ ስመለስ ሰፈሬ ጥግ ላይ ጀበና ቡና የሚያፈሉ ሴትዮ ጋ አረፍ እል ነበር። ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ነው የሚላቸው። አንድ ማታ ሞጁሌን ይዤ ፈዝዤ ስቀመጥ «ምንድን ነው እሱ?» አሉኝ። «ስለ ልብ ነው እትዬ።» «እስቲ ንገሪኝ» አሉ፣ ከሰሉን እያራገቡ።

ጀመርኩ። ደም ከሰውነት ተመልሶ በቀኝ በኩል ይገባል፣ ወደ ሳንባ ይሄዳል፣ አየር ይዞ በግራ ይመለሳል፣ ከዚያ መላ ሰውነት ይዳረሳል። ቫልቮቹ ጋ ስደርስ ተንተባተብኩ። እትዬ ዝም ብለው ሰሙኝና «ታዲያ እህቴን ልብሽ ደክሟል ሲሏት እግሯ ለምን አበጠ? ልብና እግርን ምን አገናኛቸው?» አሉኝ።

አላወቅኩም። ስንት ያበጠ እግር በጣቴ ጫን ብዬ ያየሁ ነርስ፣ ለምን እንደሚያብጥ በራሴ አፍ መናገር አቃተኝ። ገጹ ትዝ ይለኛል። ሥዕሉ ከላይ በስተቀኝ እንደነበር ሳይቀር ትዝ ይለኛል። መልሱ ግን የለም።

ያን ሌሊት መጽሐፉን እንደ አዲስ ከፈትኩት። በማግስቱ ሄጄ ነገርኳቸው። «የልብ ቀኙ ሲደክም የሚመጣለትን ደም ቶሎ ቶሎ መግፋት ያቅተዋል። ቱቦ ሲደፈን ውሃው ተመልሶ ግቢውን እንደሚሞላው፣ ደሙም ወደ ኋላ ይጠራቀማል። ከደም ሥሩ ውሃ እየወጣ ወደ ታች፣ ወደ እግር ይወርዳል። ግራው ሲደክም ደግሞ ሳንባ ላይ ይጠራቀማል። ለዚህ ነው በጀርባ መተኛት አቅቷቸው ትራስ የሚደራርቡት።» እትዬ ማራገቢያውን አስቀመጡ። «ሦስት ትራስ ነበር የምትደራርበው» አሉ። የቡናውን አልተቀበሉኝም።

ከዚያ ወዲህ ያጠናሁት በዚህ መንገድ ነው። ጥቂት አነባለሁ፣ መጽሐፉን እከድናለሁ፣ ከዚያ ጮክ ብዬ እናገራለሁ ወይም ባዶ ወረቀት ላይ እሥላለሁ። የጎደለኝን ብቻ ከፍቼ አያለሁ። ሰው ከጠፋ ግድግዳም ይሰማል። ደጋግሞ ማንበብ ደስ ይላል፤ ዓይን ገጹን ስለለመደው የገባን ይመስለናል። መጽሐፉን ከድኖ መናገር ግን ያማል። ሕመሙ አይቀርም፤ ግን ፈተናው ላይ ከሚመጣ ቤታችሁ ቢመጣ ይሻላል።

መድገሙንም አንድ ማታ ላይ አትከምሩት። ኸርማን ኤቢንግሃውስ የሚባል ጀርመናዊ በፈረንጆቹ 1885 ባሳተመው ሥራ፣ ትርጉም የሌላቸው ድምፆች እየሸመደደ ራሱን ፈትኖ ነበር። ከግማሽ በላዩ ከአንድ ቀን ሳይዘል ጠፋበት። ስለዚህ ዛሬ የተማራችሁትን ነገ፣ ከዚያ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከዚያ በሳምንቱ ተጠያየቁ። ግሩፕ ስተዲ ከሦስት ወይም ከአራት ሰው ሲበልጥ ወሬ ነው። ለወሬ ካፌ አለ። ቤት የሚረብሻችሁ ከሆነ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለላችሁ። እኔ በእናንተ ዕድሜ እንዲህ ያለ ቦታ ባገኝ ከዚያ አልወጣም ነበር።

ስለ በርጫ ልናገር፤ አኩርፉኝ። ለፈተና ብላችሁ ጫት የምትቅሙ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ውስጡ ያለው ካቲኖን ያነቃል፣ አልክድም። ግን ሌሊቱን ይወስድባችኋል። ቀን ያጠናችሁት አእምሮ ውስጥ የሚደላደለው ስትተኙ ነው። ምርቃናው ላይ የገባችሁ የመሰላችሁ ነገር ጠዋት ወረቀት ሲሰጣችሁ የለም። ለአምስት ሰዓት ያህል እንኳ መተኛት ካልቻላችሁ ችግሩ ፕሮግራማችሁ ላይ ነው።

ካዳቨር ክፍል (አናቶሚ በአስከሬን ላይ የሚጠናበት ክፍል) ቁርስ ሳትበሉ አትግቡ። አስከሬኑ እንዳይበላሽ የሚደረግበት ፎርማሊን ዓይን ያቃጥላል፤ ባዶ ሆድ ሲጨመርበት ጉልበት ይከዳል። እየሳቀ የሚገባ ተማሪ አለ፣ ከንፈር እየመጠጠ የሚገባም አለ። ሁለቱም ፈርተው ነው። ከኋላ ግን አትቁሙ፤ ከኋላ የቆመ የሚያየው የጓደኛውን ጋውን ነው።

የቀረውን አናቶሚ ታክሲ ውስጥ ጨርሱት። ከሜክሲኮ አራት ኪሎ ስትሄዱ ከፊታችሁ የተቀመጠው ሰውዬ «ወራጅ አለ» ሊል ወደ ግራ ሲዞር፣ ቀኝ አንገቱ ላይ ገመድ የመሰለ ጡንቻ ይወጣል። ስተርኖክላይዶማስቶይድ እሱ ነው። ስሙ ያስፈራል እንጂ በየቀኑ ስታዩት የኖራችሁት ነገር ነው። የእጅ አንጓችሁን 8 አጥንቶች ቁጠሩ። ከአውራ ጣታችሁ ግርጌ የደም ሥር ምታችሁን ፈልጉ። ረዳቱ ያፈጥባችሁ ይሆናል፤ ተዉት።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ማንም በጊዜ አልነገረኝም። የምትማሩት በእንግሊዝኛ ነው፣ የምታክሙት ግን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በጉራጊኛ ነው። ታካሚ «ኩላሊቴን አመመኝ» ሲል ብዙ ጊዜ የወገብ ጡንቻውን ነው። «ልቤን ያቃጥለኛል» ብሎ እጁን የሚያሳርፈው ጨጓራው ላይ ነው። ግን አንዳንዴ እውነትም ልቡ ይሆናል፤ የልብ ሕመም ጨጓራ መስሎ ይመጣል። «የት? በእጅህ አሳየኝ» ማለትን ከአሁኑ ልመዱ። እኔ አንድ ጊዜ ሳልጠይቅ ቀርቼ የሽንት ምርመራ ያዘዝኩላቸው አባት ነበሩ፤ ለካ ሲሚንቶ ሲሸከሙ ነው የዋሉት።

ስለ ገንዘብ ብዙ አልልም። ከሲኒየር የተረፈ መጽሐፍ ለምኑ፤ አያሳፍርም።

ውጤት ሲበላሽ ግን በዚያው ሳምንት ወረቀቱን ይዛችሁ አስተማሪው ቢሮ ሂዱ። እኔ 19 ያመጣሁበትን ወረቀት ደብቄ ከከረምኩ በኋላ ነው የሄድኩት። አስተማሪው አይቶ «አንቺ እኮ ጥያቄዎቹን አላነበብሽም፣ የምታውቂውን ነው የጻፍሽው» አለኝ። እውነቱን ነበር። ይህን ለመስማት አንድ ወር ሙሉ ዘገየሁ።

ትናንት ማታ የእህቴ ልጅ መልሳ ደወለች። አሁን ለእናቷ በአማርኛ ማስረዳት ጀምራለች። ስለ ኩላሊት ስታስረዳት እናቷን እንቅልፍ ወስዷታል አሉ።

«አክስቴ፣ ፓንክሪያስ በአማርኛ ምንድን ነው?»

«ቆሽት።»

«ቆሽቴን አሳረርሽው የምትለኝ እማዬ... እሱ ነው?»

«እሱ ነው። በይ አሁን መጽሐፉን ክደኚና ኢንሱሊንን ንገሪኝ።»