መሃሉ የሚሰምጥ ካፕኬክ
እህቴ፣ «ካፕኬኬ መሃሉ ለምን ይሰምጣል? ለልጄ ልደት ቀድሜ ብጋግረውስ? ወጪውስ?» ላልሽው፦ ጎንደራችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ዝቅ ስለሚል ሊጡ ቶሎ ኩፍ ይልና ውስጡ ሳይበስል ይወድቃል። ቤኪንግ ፓውደሩን በሩብ ያህል ቀንሺ። አንድ ሁለት ማንኪያ ወተት ጨምሪ። ምድጃውንም ትንሽ ሞቅ አድርጊው። የካፕኬክ መጋገሪያ ወረቀቱን በሊጥ እስከ ሁለት ሦስተኛው ብቻ ሙዪ። ስንጥር ወግተሽበት ሊጥ ሳይዝ ከወጣ በስሏል።

ክሬም ሳትቀቢ፣ በደንብ ሲቀዘቅዝ ክዳኑ ግጥም በሚል ዕቃ ዝጊበት፤ ሁለት ቀን አይደርቅም። ፍሪጅ እንዳታስገቢው፣ ያደርቀዋል። ፍሪዘር ግን ወር ያቆየዋል።

ኪስ የሚጎዱት እንቁላልና ቅቤ ናቸው፤ በተለይ በዓል ሲቃረብ። ቅቤውን በዘይት ተኪው፤ እንዲያውም ለስላሳነቱ ይቆያል። ሒሳቡን ስትሠሪ የመብራቱንና የወረቀቱን አትርሺ።