አልማዝ ባለጭራው ደርቆ ዓይኗ አልዞር ላላት እናት፦ መነጽር ቤት እንዳትወስጃት

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩ። አልማዝ ባለጭራ የእናትሽ ግንባርና የዓይን ቆብ ላይ ወጥቶ ደረቀ፣ ዳነች ስትሉ ዓይኗ ወደ ጎን አልዞር አለ፣ ሁሉ ነገር ሁለት ሁለት ይታያታል፣ ባህር ዳር ውስጥ የት ልውሰዳት ነው ያልሽው። ቁርጥ የእኔ ነገር ነው። እኔንም የጀመረኝ ቅርፊቱ ረግፎ ሰው ሁሉ "እንኳን ማረህ" ካለኝ በኋላ ነው።

1ኛ. መነጽር ቤት ድርሽ እንዳትሉ። ሥራዬ ጣና ላይ ነው፣ ወደ ዘጌ ሰው አመላልሳለሁ። አንድ ጠዋት ጀልባዋን ላስር ገመዱን ስወረውር የወደቡ ብረት ሁለት ሆኖ ታየኝ። እኔ የወረወርኩት የሌለው ላይ ነው፤ ገመዱ ውኃ ውስጥ ገባ፣ ተሳፋሪው ሳቀ። ረዳቴ ግን ፊቴን አይቶ "ጋሼ፣ ቀኝ ዓይንዎ ተንሸዋሯል" አለኝ። ቀጥታ መነጽር ቤት ሄድኩ። ሰውየው በማሽን አየኝና "ዕድሜ ነው" ብሎ ውድ ፍሬም ከነሌንሱ አሸከመኝ። ሳደርገው ሁለቱንም ብረት ጥርት አድርጌ አየኋቸው! ልመልስ ብሄድ "የተሠራ ሌንስ አይመለስም" አለኝ። እስኪ አሁን ይሄ ሰው ነው?

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅ ሆነን ጉድፍ ያስያዘን ቫይረስ ነርቭ ውስጥ ተኝቶ ይቆያል። ሲነሳ አልማዝ ባለጭራ ይሆናል። ዓይን አካባቢ ከወጣ አንዳንዴ ቁጣው ዓይን ወደሚያዞሩት ነርቮች ይሻገራል፤ 3ኛ፣ 4ኛና 6ኛ ይሏቸዋል። የእኔ 6ኛው ነበር፣ ዓይንን ወደ ውጭ የሚያዞረው። ቤት ውስጥ ይህን ሞክሩ፦ አንድ ዓይኗን በእጇ ትሸፍን። ያኔ ሁለት መሆኑ ከጠፋ ሁለቱ ዓይኖች አብረው አልሄድ ብለዋል ማለት ነው። ይሄን ደግሞ ተራ መነጽር አያቃናውም። በኋላ ለዚሁ የሚሆን ልዩ ሌንስ አለ፣ እሱንም ሐኪም ነው የሚያዘው።

2ኛ. ካርድ ክፍል "ዓይኗን አሟታል" እንዳትዪ። ስሙን የማልጠራው አንድ ቦታ እንዲያ ብዬ መስኮቷ ላይ ያለችው ልጅ ከስልኳ ቀና ሳትል "ቆዳ ክፍል" አለችኝ። ቆዳ ክፍል "ቁስሉ ደርቋል፣ ዓይን ክፍል" አሉኝ። ዓይን ክፍል ቀጠሮ ሞልቷል። ደሜ ፈላ። በመጨረሻ ጮክ ብዬ "አልማዝ ባለጭራ ወጥቶብኝ ነበር፣ አሁን ዓይኔ አይዞርም፣ ሁለት ይታየኛል!" ስል በዚያ የምታልፍ ሲስተር ሰምታ እጄን ይዛ ሐኪሙ ጋ አስገባችኝ። እግዜር ይስጣት። አንቺም ይህችን ዓረፍተ ነገር እንዳለች ተናገሪ። ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ሂጂ፣ ዓይን ሐኪም ይያት፤ ነርቭ ሐኪም ካስፈለገ እነሱ ይልኳታል።

3ኛ. ስኳርና ግፊት ይለኳታል፣ ኤችአይቪም እንመርምር ሊሉ ይችላሉ። አትቆጡ፣ የተለመደ ነው። ስኳርም ለብቻው እንዲህ ዓይን ያስራል። አሲክሎቪር የሚባለውን የቫይረሱን መድኃኒት ወስዳ ከነበረ መቼ እንደጀመረች ጽፈሽ ያዢ፤ ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው በጣም የሚሠራው። አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ወጥቶ ከነበረም ንገሪያቸው፤ እዚያ የወጣ እንደሆነ ዓይኑ ራሱ የመነካት ዕድሉ ሰፊ ነው። የእኔ ጎረቤቶች "ምች ነው" ብለው ዳማከሴ ይዘው መጥተው ነበር፤ ፍቅራቸውን ተቀብዬ ቅጠሉን መለስኩ። ከፋርማሲ በራሳችሁ የዓይን ጠብታ አትግዙ፣ ስቴሮይድ ያለበት ያለ ሐኪም ዓይን ያበላሻል።

እስከዚያ አንድ ዓይኗን ሸፍኑላት። ቡና እንዳትቀዳ፤ ባለቤቴ እምቢ ብትለኝ እኔ ልቅዳ ብዬ ጀበናውን አንስቼ ረከቦቱን አጠጣሁት። ደረጃም ብቻዋን አትውረድ። ብዙ ሰው በወራት ውስጥ ይመለስለታል፤ የእኔም ቀስ እያለ መጣ፣ ዛሬ ገመዱን ከሩቅ ወርውሬ ብረቱ ላይ አስገባለሁ፣ ረዳቴ ምስክሬ ነው። ግን ኃይለኛ ራስ ምታት ከትኩሳት ጋር፣ መዘባረቅ፣ ወይ የአንድ ጎን መዛል ካየሽባት ቀጠሮ ምናምን ሳትዪ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ውሰጃት። የትኛው ዓይኗ እንደሆነና ወደየት አልዞር እንዳላት እዚሁ ጻፊልኝ።