መልስ፦ የኮቪዱ የከብት ገንዘብ ብድር ነበር ወይስ ድጎማ?

ወንድሜ፣ አሜሪካ በኮቪድ ጊዜ ለገበሬና ለከብት አርቢ የከፈለችው ገንዘብ ይመለሳል ወይ፣ እንዴትስ ተሰላ ብለህ ጠይቀሃል። ድጎማ ነው፣ አይመለስም። ግብር ግን ይከፈልበታል፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው።

ከፋዩ የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ነበር። ለከብት ስሌቱ በቁጥር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 የመጀመሪያው ዙር፣ ከጃንዋሪ 15 እስከ ኤፕሪል 15 ለተሸጠ የሰባ የእርድ ከብት 214 ዶላር፣ ክብደቱ ከ600 ፓውንድ (ወደ 272 ኪሎ) በታች ለሆነ ጥጃ 102 ዶላር ይታሰብ ነበር። ሳይሸጥ በእጅ ለቀረው ግን 33 ዶላር ብቻ። 40 ከብት ይዞ ገበያ ሲጠብቅ የከረመ ሰው 1,320 ዶላር ደረሰው ማለት ነው። የመኖ ዕዳ እንኳ አይሸፍንም!

በሁለተኛው ዙር በእጅ ላለው ከብት ክፍያው በአንድ ከብት ወደ 55 ዶላር ከፍ አለ፤ ለመራቢያ የተያዙ ላሞች ግን አይቆጠሩም ነበር። ትንሹ አርቢ ያለው ደግሞ በአብዛኛው እነሱው ናቸው። ብዙ ከብት ላለው ክፍያው ብዙ ነበር፤ ጣሪያው በመደበኛው ለአንድ ሰው 250,000 ዶላር ነበር።

ምዝገባው በኦክቶበር 2021 ተዘግቷል። አሁን «ላስመዝግብህ» ብሎ ኮሚሽን የሚጠይቅህ ካለ ስልኩን ዝጋበት።